የተቆለፈው በር ይከፈት፦ የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ማኒፌስቶ

መጽሐፍን ከልጅ አርቆ ልጅን ማስተማር የተሞከረበት ዘመን አብቅቷል። ሙከራው ረጅም ነበር፤ ውጤቱም ተቆጥሮ በአደባባይ ተነግሯል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ ሆኑ፤ በዚያው ዓመት 1,328 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ መጣ። ይህን እድገት የሚሉት አሉ፤ እድገት መሆኑን አንክድም፤ ነገር ግን ከመቶ ተፈታኞች ዘጠና አንዱ የወደቁበት ዓመት ለደስታ አይበቃም። የዓለም ባንክ መለኪያ ደግሞ ወደ ታች ወርዶ ሥሩን ያሳየናል፦ በኢትዮጵያ ከአሥር የ10 ዓመት ልጆች ዘጠኙ አጭርና ቀላል ጽሑፍ አንብበው መረዳት አይችሉም። የ12ኛ ክፍሉ ውጤት የሚወሰነው እዚያ ነው። ፈተናው የሚያደርገው ስምንት ዓመት ዘግይቶ ማርዳት ብቻ ነው።

አሮጌው ሥርዓት የራሱ እምነት ነበረው። መጽሐፍ ማለት የመማሪያ መጽሐፍ ነው፤ ንባብ ማለት ለፈተና መዘጋጀት ነው፤ ዕውቀት ማለት ከሰሌዳ ወደ ደብተር የሚገለበጥ ነው አለ። በዚህ እምነት ትምህርት ቤት ተሠራ፤ ሚሊዮኖችም ገቡበት፤ ይህንን ውለታ አንክድም። ቤተ መጻሕፍት ግን በዚያ እምነት ውስጥ ሥራ አልነበረውም። ሥራ ያልነበረው ነገር ክፍል ተሰጠው፤ ክፍሉ ቁልፍ ተበጀለት፤ ቁልፉ ከሰው ኪስ ገባ። ኢንስፔክሽን ሲመጣ ይከፈታል፤ ለጋሽ ሲመጣ ይጠረጋል፤ ፎቶ ይነሣበታል፤ ከዚያ ይዘጋል። «ቤተ መጻሕፍት አለ» ተብሎ ለወረዳ ሪፖርት ይደረጋል። ሪፖርቱ ሐሰት የለበትም፤ እውነትም የለበትም።

እኛ ሌላ እምነት አለን። ልጅ ማንበብን የሚማረው በሚገባው ቋንቋ የተጻፈ፣ ወድዶ የመረጠው፣ ቤቱ ይዞት የሚሄደው መጽሐፍ ሲኖረው ነው ብለን እናምናለን። ይህን መጽሐፍ ከዚህ ልጅ ጋር የሚያገናኝ ሰው ከሌለ ሁለቱ አይገናኙም ብለን እናምናለን። ያ ሰው የሚሠራበት ሰዓት በክፍለ ጊዜ ድልድሉ ላይ ካልተጻፈ ሰውየው ተቀጥሮም የለም ብለን እናምናለን። ቤተ መጻሕፍት በመጀመሪያ ሰው ነው፤ ቀጥሎ ሰዓት ነው፤ ቀጥሎ መጽሐፍ ነው፤ ግድግዳና ጣሪያ ከሁሉ በኋላ ይመጣሉ። እስከ ዛሬ የተሠራው ከጣሪያው ተጀምሮ ነው። የተነሣነው ቅደም ተከተሉን ለማቃናት ነው።

እምነታችን ማስረጃ አለው። በ1963 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የራትገርስ ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበሩት ሜሪ ጌቨር ሦስት ዓይነት የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን አነጻጸሩ። በአንደኛው መጽሐፍ የሚገኘው በየመማሪያ ክፍሉ መደርደሪያ ላይ ብቻ ነበር። በሁለተኛው አንድ የጋራ ቤተ መጻሕፍት አለ፤ ባለሙያ ግን የለውም። በሦስተኛው ቤተ መጻሕፍቱም ባለሙያውም አሉ። በትምህርት መሻሻል በልጦ የተገኘው ሦስተኛው ነው። ልብ በሉ፤ በሦስቱም ዘንድ መጽሐፍ ነበር። ሦስተኛውን የለየው በመጽሐፉና በልጁ መካከል የቆመው ሰው ነው።

ሠላሳ ዓመት ቆይቶ፣ በ1993 እ.ኤ.አ.፣ ኪት ከሪ ላንስ ከባልደረቦቻቸው ጋር በኮሎራዶ ግዛት ጥያቄውን አጠበቁት። «ጥሩ ቤተ መጻሕፍት ያለው ትምህርት ቤት እኮ የሀብታም ልጆች ትምህርት ቤት ነው» ለሚለው ሙግት መልስ ፈለጉ። የቤተሰቡን ድህነትና የአካባቢውን ጎልማሶች የትምህርት ደረጃ በስሌቱ ውስጥ አስገብተው ለዩት። ከዚያም በኋላ የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኞች ብዛትና የመጻሕፍቱ ስብስብ ከንባብ ውጤት ጋር ተያይዞ ተገኘ፤ ባለሙያው በማስተማሩ ሥራ ውስጥ የሚገባበት ትምህርት ቤትም የተሻለ ሆኖ ታየ። ጥናቱ በአላስካ፣ በፔንሲልቬኒያ፣ በቴክሳስና በሌሎችም ግዛቶች ተደገመ፤ ዛሬ በግዛት ደረጃ የተካሄዱት ከ30 በላይ ናቸው፤ አብዛኞቹም ወደ አንድ አቅጣጫ ያመለክታሉ። በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣ ሌላ ጥናት የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ የጨመሩ ግዛቶችን ከቀነሱት ጋር አወዳደረ፤ በ4ኛ ክፍል የንባብ ውጤት የተሻለ ዕድገት ያሳዩት የጨመሩት ናቸው። በኦሃዮ ደግሞ ሮስ ቶድና ካሮል ኩልታው በ39 ትምህርት ቤቶች 13,123 ተማሪዎችን ጠየቁ፤ 99.4 በመቶው ቤተ መጻሕፍቱ በትምህርታቸው በአንድም በሌላም መንገድ እንደረዳቸው ተናገሩ። (ልጅ ሲጠየቅ አዎን ማለት ይቀናዋልና እኛ በዚህ ቁጥር ብቻ አንምልም።)

የማይመቸውን ማስረጃ የሚደብቅ ንቅናቄ ተከታይ አይገባውም። ስለዚህ ተቃዋሚዎቻችን ከመናገራቸው በፊት እኛው እንናገር። የአሜሪካኖቹ ጥናቶች በአብዛኛው አብሮ መገኘትን ያሳያሉ፤ አብሮ የተገኘ ሁሉ ደግሞ ምክንያትና ውጤት ላይሆን ይችላል። በሕንድ ካርናታካ ግዛት ትምህርት ቤቶችን በዕጣ ከፍሎ የተሠራ፣ በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ከ16 ወር በኋላ ቤተ መጻሕፍት ባገኙትና ባላገኙት መካከል በቋንቋ ችሎታ የረባ ልዩነት አላየም። በኬንያ ገጠር በ2009 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ደግሞ ነፃ የመማሪያ መጽሐፍ መታደሉ የጠቀመው ድሮም ጎበዝ የነበሩትን ብቻ መሆኑን አገኘ። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነበር፤ እንግሊዝኛ ለአብዛኞቹ ልጆች ሦስተኛ ቋንቋቸው ነው። መካከለኛውና ደካማው ተማሪ መጽሐፉን ታቅፎ በነበረበት ቀረ።

እነዚህን ሁለት ጥናቶች ከሌሎች ሁለት ጎን አስቀምጧቸው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. ዋሪክ ኤሌይ እና ፍራንሲስ ማንጉባይ በፊጂ ገጠር ትምህርት ቤቶች ሥዕል ያላቸው፣ ልጅ የሚወድዳቸው የተረት መጻሕፍት አስገቡ፤ በየቀኑ ለንባብ ሰዓት ተለየ፤ መምህራኑም ከልጆቹ ጋር አነበቡ። ልጆቹ በንባብና በማዳመጥ ከተለመደው ፍጥነት በእጥፍ ሄዱ። እዚያም ቋንቋው እንግሊዝኛ፣ እንግሊዝኛውም ሁለተኛ ቋንቋ ነበር፤ መጽሐፉ ግን በልጁ ልክ የተሰፋ ታሪክ እንጂ ከአቅሙ በላይ የሆነ የመማሪያ መጽሐፍ አልነበረም። በፊሊፒንስ ደግሞ ለዕድሜያቸው የሚመጥን መጽሐፍ ተሰጥቶ፣ መምህራን ሠልጥነው፣ ለ31 ቀን በክፍል ውስጥ የንባብ ዘመቻ ተደረገ፤ በዕጣ ከተመደቡት ትምህርት ቤቶች ዘመቻው የደረሳቸው ልጆች ንባባቸው ተሻሻለ፤ ያነበቡት መጽሐፍም በዛ። እኛ አራቱን አንድ ላይ አንብበን የደረስንበት ፍርድ ይህ ነው፦ መጽሐፍ ከትምህርቱ ጎን ሲቀመጥ ትምህርቱ እንደነበረ ይቀጥላል፤ መጽሐፍ ትምህርቱ ውስጥ ሲገባ ልጁ ይለወጣል። የሕንዱ ውጤት የቤተ መጻሕፍትን ከንቱነት አላሳየንም። ከክፍሉ የተነጠለ ቤተ መጻሕፍት ከንቱ መሆኑን አሳየን። እኛ አገር የተስፋፋውም ያው የተነጠለው ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው መርሓችን የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ አስተማሪ ነው የሚል ነው። ዛሬ ያ ቦታ ማን ይመደብበታል? ብዙ ጊዜ ድምፁ የደከመ መምህር፣ ጡረታ የቀረበው ሠራተኛ፣ ከክፍል እንዲወጣ የተፈለገ ሰው። ቦታው የማረፊያ ሆነ፤ ከዚያ በኋላ «ማንም አያነብም» ተባለ። በምንገነባው ትምህርት ቤት ባለሙያዋ ከመምህራን ጋር ተቀምጣ ትምህርት ታቅዳለች። የአምስተኛ ክፍል መምህር ስለ ዓባይ ተፋሰስ ሲያስተምር የትኛው መጽሐፍ፣ የትኛው ካርታ፣ የትኛው ተረት አብሮ እንደሚሄድ ታውቃለች። የትኛው ልጅ ስለ እግር ኳስ ሲሆን እንደሚያነብ፣ የትኛዋ ልጅ ስለ እንስሳት ብቻ እንደምትፈልግ ታውቃለች። በደረጃ ዕድገቷ ከመምህሩ እኩል ትሄዳለች፤ በመምህራን ጉባኤ ላይ ትናገራለች፤ በሌለችበት ቀን የጎደለች መሆኗ ይታወቃል። ሥልጠናው በመምህራን ትምህርት ኮሌጆች ውስጥ እንደ አንድ የሙያ ዘርፍ ይሰጣል። ይህን ስንል ቅንጦት ጠየቃችሁ ለሚሉን መልሳችን አጭር ነው፦ የሚነበብ ነገር በሌለበት ማስተማር ነው ቅንጦቱ፤ ውድ ነው፤ ኪሳራውን በየዓመቱ ከፈተናው ውጤት ጋር ሲመጣ እናየዋለን።

ሁለተኛው መርሓችን ከሁሉ የሚያጣላን እሱ ነው፦ መጽሐፍ አላቂ ዕቃ ነው። የተቆለፈውን በር ምስጢር የምታገኙት እዚህ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ እንቆይበት። የትምህርት ቤት መጽሐፍ በሞዴል 19 ገቢ ይሆናል፤ በሞዴል 22 ወጪ ይሆናል፤ ቤተ መጻሕፍቱን የተረከበው ሰው በስሙ ፈርሟል። በዓመቱ መጨረሻ ቆጠራ አለ። የጎደለ መጽሐፍ ጥያቄ ያመጣል፤ ጥያቄው ከደመወዝ ቆረጣ ድረስ ሊሄድ ይችላል። እንግዲህ ፍረዱ፦ ያ ሰው አንድ ሺህ ልጆች መጽሐፉን ወደ ቤታቸው ወስደው ቢያነቡ የሚያገኘው ምስጋና የለም፤ አሥር መጽሐፍ ቢጠፋ ግን የሚከፍለው አለ። በሩን መቆለፉ ስንፍና አይደለም፤ ሒሳብ ነው፤ ሒሳቡም ልክ ነው። የተሳሳተው ሒሳቡን ያወጣው መመሪያ ነው። ጠመኔ ሲያልቅ ማንም አይጠየቅም፤ ጠመኔ ካላለቀ መምህሩ አላስተማረም ይባላል። መጽሐፍም እንዲሁ ይታይ። በንባብ ያለቀ፣ የተቀደደ፣ ከልጅ ቤት ሳይመለስ የቀረ መጽሐፍ በየዓመቱ በተወሰነ መቶኛ ከመዝገብ ይሰረዝ። በዓመቱ መጨረሻ አንድም ያረጀ፣ አንድም የጠፋ መጽሐፍ ያላስመዘገበ ትምህርት ቤት ሽልማት አይሰጠው፤ ማብራሪያ ይጠየቅ። ለዚህ ሕንፃ አያስፈልግም፤ የውጭ ምንዛሪ አያስፈልግም፤ አንድ የንብረት አስተዳደር መመሪያ ማሻሻል ይበቃል። የቱም ክልል፣ የቱም ከተማ አስተዳደር ከነገ ጀምሮ ሊያደርገው ይችላል።

ሦስተኛው መርሓችን ቋንቋ ነው። ልጅ መጀመሪያ የሚያነበው አፉን በፈታበት ቋንቋ ይሁን። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርትን በአፍ መፍቻ ቋንቋ አድርጓል፤ መደርደሪያው ግን ፖሊሲውን አልተከተለም። በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛ፣ በሶማሊኛ፣ በሲዳምኛ የሚማረው ልጅ የመማሪያ መጽሐፉን ሲጨርስ በዚያ ቋንቋ የሚነበብ ሌላ ምን ያገኛል? እ.ኤ.አ. በ2010 በስድስት የኢትዮጵያ ቋንቋዎች በሁለተኛና በሦስተኛ ክፍል ተማሪዎች ላይ የተደረገው የንባብ ምዘና ብዙ ልጆች ካነበቡት አንቀጽ አንድም ጥያቄ መመለስ እንዳልቻሉ አሳየ። ፊደል ቆጥረዋል፤ የሚያነቡት ግን አልነበራቸውም። ስለዚህ ደራሲ ይጻፍ፤ ሠዓሊ ይሣል፤ ማተሚያ ቤት ያትም፤ መንግሥት ለመማሪያ መጽሐፍ ከሚያወጣው የተወሰነውን ድርሻ ለልጆች የተረት፣ የሳይንስና የታሪክ መጽሐፍ ይመድብ። በዘጠነኛ ክፍል ትምህርቱ በእንግሊዝኛ እንደሚሆን እናውቃለን፤ ለዚያም ከአሁኑ በልጅ ልክ የተጻፈ ቀላል የእንግሊዝኛ ታሪክ እንፈልጋለን። የፊጂ ልጆች መንገዱን አሳይተዋል።

በዚህ ላይ በአሜሪካ፣ በአውሮፓ፣ በእስራኤልና በዓረብ አገሮች ለሚኖሩ ወገኖቻችን አንድ ቃል አለን። ልባችሁን እናውቃለን፤ በኮንቴይነር የተላከው መጽሐፍም ደርሶናል። ከካሊፎርኒያ ትምህርት ቤት የተወገደ የማኅበራዊ ትምህርት መጽሐፍ ግን ለደብረ ታቦር የሦስተኛ ክፍል ልጅ ምን ያደርግለታል? የመላኪያውን ዋጋ ለአንድ አማርኛ ወይም ለአንድ አፋን ኦሮሞ የሕፃናት መጽሐፍ ኅትመት አውሉት። ምሳሌ ከመካከላችሁ አለላችሁ። ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ ከትምህርት ውጭ የሆነ መጽሐፍ መጀመሪያ እጃቸው የገባው በ19 ዓመታቸው ነው። በሳን ፍራንሲስኮ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ሆነው ሠሩ፤ ለኢትዮጵያውያን ልጆች በቋንቋቸው የተጻፈ መጽሐፍ ሲፈልጉ አጡ፤ «ሲሊ ማሞ»ን በአማርኛና በእንግሊዝኛ አሳተሙ፤ ወደ አገራቸው ተመልሰው በ2003 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ የሾላን የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ፤ በአዋሳም መጽሐፍ በአህያ ጋሪ ጭነው ልጆች ወዳሉበት ሄዱ። ቅደም ተከተሉን ተመልከቱ፦ ሰው፣ መጽሐፍ፣ ልጅ። ጋሪው ሕንፃ አላስፈለገውም።

አራተኛው መርሓችን ሰዓት ነው፤ ስለ እሱ ብዙ አንልም። በሳምንት ሁለት ክፍለ ጊዜ፣ ከአንደኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል፣ ያለ ፈተና፣ ያለ ነጥብ፣ ለንባብ ብቻ። በፈረቃ የሚያስተምር ትምህርት ቤት ቦታ የለኝም ይላል፤ ዛፍ ሥርም ይነበባል።

አምስተኛው መርሓችን ድኻው ልጅ ቀድሞ ይድረሰው የሚል ነው። በፔንሲልቬኒያ በ2012 እ.ኤ.አ. የተደረገው ጥናት የሙሉ ጊዜ ባለሙያ ያለው ቤተ መጻሕፍት ለድኻ፣ ለጥቁርና ለላቲኖ ተማሪዎች እንዲሁም ለአካል ጉዳተኞች በአንጻራዊ ሚዛን የበለጠ እንደሚጠቅም አሳይቷል። ምክንያቱን ለማወቅ ተመራማሪ መሆን አያሻም። ቤቱ መጽሐፍ ያለው ልጅ ትምህርት ቤቱ ቢነፍገው ከቤቱ ያገኛል። ኢቫንስና ባልደረቦቻቸው በ27 አገሮች ያደረጉት ጥናት 500 መጽሐፍ ባለበት ቤት ያደገ ልጅ መጽሐፍ ከሌለበት ቤት ልጅ በአማካይ 3.2 ዓመት ይበልጥ እንደሚማር አግኝቷል። ለገበሬው ልጅ፣ ለቀን ሠራተኛዋ ልጅ፣ የትምህርት ቤቱ መደርደሪያ የቤቱ መደርደሪያ ነው። የአብርሆት ቤተ መጻሕፍት በ2014 ዓ.ም. አራት ኪሎ ላይ ሲከፈት ደስ ብሎናል፤ ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት ወመዘክርም ከ1936 ዓ.ም. ጀምሮ ያገለገለ አንጋፋ ነው። ሆኖም ታላቅ ቤተ መጻሕፍት የሚፈልገው አንባቢ ነው፤ አንባቢ ደግሞ አራት ኪሎ ሲደርስ አይሠራም። ተሠርቶ ነው የሚመጣው፤ የሚሠራውም በዋግ ኽምራ፣ በጉጂ፣ በአፋር በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው።

ለአቋራጭ የሚቸኩሉትን አንከተልም። በ1997 ዓ.ም. የሁለተኛ ደረጃ ክፍሎች የፕላዝማ ቴሌቪዥን ተተከለላቸው፤ ትምህርቱ በደቡብ አፍሪካ ተዘጋጅቶ በሳተላይት፣ በእንግሊዝኛ ወረደ። ማያ ገጹ ልጁን አልጠበቀውም፤ መብራት ሲጠፋ ትምህርቱም ጠፋ፤ ማቋረጥ፣ መመለስ፣ መጠየቅ አልተቻለም። ዛሬ በፕላዝማው ቦታ ታብሌት ይጠራል፤ ነገ ሌላ ይጠራል። ቴክኖሎጂን አንጠላም፤ በታብሌትም ይነበባል። ግን ማንበብ ለማይችል ልጅ የሚገዛ መሣሪያ ሁሉ ውድ ሥዕል ነው።

በዓለም ላይ ብቸኞች አይደለንም። ዩኔስኮ በ1999 እ.ኤ.አ. የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ማኒፌስቶን አጽድቋል፤ ሁሉም አገሮች ግን አልተከተሉትም። በእንግሊዝ እስር ቤት ሁሉ ቤተ መጻሕፍት እንዲኖረው ደንብ ያስገድዳል፤ ትምህርት ቤት እንዲኖረው ግን የሚያስገድድ ሕግ የለም። ሀብታሞቹም አገሮች ይህን ነገር እንዳላሟሉ እያየን፣ እነሱ እስኪቀድሙን ድረስ የምንጠብቅበት ምክንያት አይታየንም።

የራሳችን ጥናት እንዲኖረን እናደርጋለን። የኮሎራዶ ማስረጃ ለኮሎራዶ ነው፤ የካርናታካም ለካርናታካ። በአገራችን የትምህርት ስታቲስቲክስ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት አለው ወይስ የለውም ተብሎ ይጠየቃል። እኛ የምንጠይቀው ሌላ ነው፦ በሳምንት ስንት ሰዓት ተከፈተ? ስንት መጽሐፍ ከበሩ ወጣ? በምን ቋንቋ? ባለሙያው ሠልጥኗል? ይህ መረጃ ከየትምህርት ቤቱ ይሰብሰብ፤ ከስድስተኛና ከስምንተኛ ክፍል ፈተና ውጤት ጎን ይቀመጥ። ባለሙያና የንባብ ሰዓት የሚሰጣቸው የመጀመሪያዎቹ ወረዳዎች በዕጣ ይመረጡ፤ ሌሎቹ በሁለተኛው ዙር ይግቡ፤ ልዩነቱ ይለካ። ዩኒቨርሲቲዎቻችን ለዚህ አቅም አላቸው። ውጤቱ እኛን የሚያሳፍር ቢሆንም ይታተም።

የሚመጣውን ትምህርት ቤት እናየዋለን። በሩ ከጠዋቱ ሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት በፊት ይከፈታል። የመጽሐፍ ውሰት ካርድ የሌለው ልጅ አይኖርም። ዳዊት የደገመ አያት ቅዳሜ መጥቶ ለልጆች ያነባል፤ ማንበብ የማትችል እናት ልጇ ሲያነብላት ትሰማለች፤ ከዚያ እሷም ትጀምራለች። መምህሩ «በመጽሐፉ እንዳለው» ሲል ተማሪው «የትኛው መጽሐፍ?» ብሎ ይጠይቃል፤ መምህሩም በጥያቄው ይደሰታል። በየወረዳው ያሉ ጸሐፊዎች ለልጆች ይጽፋሉ፤ የሚገዛቸው ትምህርት ቤት አለና። የ12ኛ ክፍል ፈተና ያኔም ይኖራል፤ ያኔ ግን ልጁ የሚፈራው የማያውቀውን ጥያቄ ይሆናል እንጂ ማንበብ ያቃተውን ጥያቄ አይሆንም።

ይህን ለመጀመር የማንንም ፈቃድ አንጠብቅም። ወላጅ ከሆናችሁ በሚቀጥለው የወላጅ፣ ተማሪ፣ መምህር ኅብረት ስብሰባ ላይ ተነሡና ሦስት ነገር ጠይቁ፦ የትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ባለፈው ሳምንት ስንት ሰዓት ተከፈተ? ቁልፉ በማን እጅ ነው? በዚህ ወር ስንት መጽሐፍ ወደ ልጅ ቤት ሄደ? መልሱ በቁጥር ቃለ ጉባኤው ላይ ይስፈር፤ በሚቀጥለው ስብሰባም ያው ቁጥር ይነበብ። ርዕሰ መምህር ከሆናችሁ ሳትጠየቁ አስፍሩት። የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ከሆናችሁ ደግሞ በሰኔ ቆጠራ የጠፋባችሁን መጽሐፍ ዝርዝር ይዛችሁ ወደ እኛ ኑ፤ ለእናንተ የምንከራከረው በዚያ ዝርዝር ነው።